የሌላው ጎል በማን ስም ይመዝገብ?
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል ሰው ሲነሳ ሪፖርት መጣ ብላችሁ ተዘጋጅታችሁ ይሆናል። ሪፖርቱ ከሻይ በኋላ ነው። አሁን የምናወራችሁ ስለ አንዲት ስዊድናዊት ኳስ ተጫዋች ነው። ኳስ የባሎቻችን ጉዳይ ነው የምትሉ ጥቂት ታገሱን።

ፒያ ሱንድሃገ ትባላለች። የተወለደችው በ1960 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ልጅ ሳለች በአካባቢዋ የሴት ልጆች ቡድን ስላልነበረ "ፔሌ" ተብላ ከወንዶች ጋር ተጫወተች። የብራዚሉን ፔሌ ማለታቸው አይደለም፤ በስዊድን ተራ የወንድ ስም ነው። በ15 ዓመቷ ለብሔራዊ ቡድን ተሰለፈች፤ እስከ 1996 ድረስም በ146 ጨዋታዎች 71 ጎል አገባች። አጥቂ ነበረች።

በ1984 በመጀመሪያው የአውሮፓ ሴቶች ውድድር ስዊድን ለፍጻሜ ከእንግሊዝ ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኘች። በስዊድን ሜዳ ብቸኛዋን ጎል ያገባችው ፒያ ናት። በእንግሊዙ ጭቃ ሜዳ ደግሞ እንግሊዞች 1 ለ 0 አሸነፉና ፍጹም ቅጣት ምት መጣ፤ ዋንጫውን የወሰነችውን ምት የመታችውም እሷው ናት። በዚያ ውድድር ሴቶች የሚጫወቱት 70 ደቂቃ ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ አይችሉም ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ከአራት ዓመት በኋላ አገሯ ምስሏን በፖስታ ቴምብር ላይ አወጣች።

እስከዚህ ድረስ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 71 ጎል፣ በስሟ የተመዘገበ። የሚከብደው አሰልጣኝ ከሆነች በኋላ ያለው ነው።

በ2007 መጨረሻ የአሜሪካን ቡድን ተረከበች። ቡድኑ በዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በብራዚል 4 ለ 0 ተሸንፎ፣ በግብ ጠባቂ ምርጫ ምክንያት እርስ በርሱ ተኳርፎ ነበር። እሷ ግን በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጊታር ይዛ የቦብ ዲላንን ዘፈን ዘፈነችላቸው። ተጫዋቾቹ ምን እንዳሰቡ ይታያችሁ! እኛ ብንሆን ሳቃችንን አንችለውም ነበር። በቀጣዩ ዓመት በቤጂንግ ኦሎምፒክ የመጀመሪያውን ጨዋታ በኖርዌይ 2 ለ 0 ተሸነፉ፤ በፍጻሜው ግን በጭማሪ ሰዓት ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፈው ወርቁን ወሰዱ። በ2012 በለንደንም ደገሙት። በ2016 የራሷን አገር ስዊድንን ይዛ ያንኑ የአሜሪካ ቡድን በፍጹም ቅጣት ምት አሰናበተችና ብር አገኘች።

የቤጂንጓን የፍጻሜ ጎል ያገባችው ካርሊ ሎይድ ናት፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም የእሷ ነው። ሜዳሊያውም ቢሆን በኦሎምፒክ የሚጠለቀው ለተጫዋቾች እንጂ ለአሰልጣኝ አይሰጥም። በ2023 የዓለም ዋንጫ ብራዚልን ይዛ ከምድብ ሳታልፍ ስትቀር ግን ኪሳራው ወዲያው በስሟ ተጻፈ፤ ከሥራዋም ተሰናበተች። ገቢው በሌላ ሰው ሂሳብ፣ ወጪው በራስ ሂሳብ ማለት ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣነው ጥፋት ስላለብን ነው።

መሶብ በመስፋት የሚወዳደራቸው የሌለ አንዲት እናታችን አሉ። ስማቸውን እንዳንጠራ ስለነገሩን እትዬ ብለን እንለፈው። ባለፈው ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን የራሳቸውን ስፌት ትተው ጀማሪዎቹን እንዲያሠለጥኑልን ለመንናቸው፤ እሺ አሉን። አለላ እንዴት እንደሚቀለም፣ ክቡ ሳይጣመም እንዴት እንደሚነሳ እጃቸውን ይዘው አሳዩአቸው። ዓመቱ ሲያልቅ እኛ መዝገቡን ዘረጋን። የእትዬ ሽያጭ ከግማሽ በታች ወርዷል። በሪፖርቱ ላይ "ምርታማነት ቀንሷል" ብለን ጻፍን፤ ክፍፍሉም በሽያጭ ስለሆነ ድርሻቸው አነሰ። የጀማሪዎቹ መሶብ ተሸጦ የገባው ገንዘብ በጀማሪዎቹ ስም ተቀመጠ። አንድም የድምር ስህተት አልነበረበትም።

ሪፖርቱ በተነበበ ማግስት ቢሮ መጡ። አልተቆጡም። "ልጆቼ፣ እነዚያን ስድስት ልጆች መስፋት ያስያዝኳቸው የት ላይ ነው የተጻፈው?" አሉን። መዝገቡን እያገላበጥን ፈለግን፤ የትም የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ሁለተኛው ዙር ጀማሪዎች አክርማ ተገዝቶላቸው፣ የሚያሳያቸው ጠፍቶ ተቀምጠዋል።

ለጋሾቻችን፣ በምትልኩልን ቅጽ ላይ "የተመረተ" እና "የተሸጠ" የሚል እንጂ "ያስተማረች" የሚል ዓምድ የለም። ይህን ስንል እናንተን መክሰሳችን አይደለም፤ እኛም ጨምሩልን ብለን አልጠየቅንም። ዛሬ እየጠየቅን ነው።

በእጃችሁ ባለው የበጀት ረቂቅ ገጽ 3 ላይ "የአሠልጣኝ አበል" የሚል አዲስ መስመር አለ። ገንዘቡ ከመጠባበቂያው ስለሚወጣ የዘንድሮው ክፍፍል በየሰው ትንሽ ይቀንሳል፤ ሳንደብቅ ነው የምንነግራችሁ። ከሻይ በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል። እትዬ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መስመሩ ቢጸድቅ ይመለሱ እንደሆነ ጠይቀናቸው፣ "መጀመሪያ እጅ ሲወጣ ልየው" ብለውናል።