የጦር መርከብ ዕድሜና ወደቡ



በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት የተሠራው ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል ስሙን ያገኘው ከጥቁር ባሕር የጦር ወደብ ነው። ባሕር ላላየ ደጋ እንግዳ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፉን ካስቀለጡ በኋላ ወደ መቅደላ ለማድረስ ዓለት እያስፈለጡ መንገድ ማስጠረግ ግድ ሆነባቸው፤ በ1860 ዓ.ም. ደርሶ እዚያው ቀረ። መሣሪያ ያለ መንገድ እንደማይሠራ መርከብም ያለ ወደብ አይሠራም።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» በጥር 1936 ዓ.ም. «ኦርካ» ተብላ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራ ጀመረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ የባሕር አውሮፕላኖችን ስታገለግል ቆይታ በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ፣ ሞተሮቿ በናፍጣ የሚሠሩ ነበሩ፤ ዕጩ መኮንኖችም ሠለጠኑባት።

የናፍጣ ሞተር በጥገና ይኖራል፤ ፒስተኑ፣ ቀለበቱ፣ ኩሽኔታው ሁሉ ይለወጣል። ትልቁ ጠላት የጨው ውኃ ነው። አካሏ ከውኃ ወጥቶ ዝገቱ ካልተፋቀና ቀለም ካልተቀባ ብረቱ ይሳሳል። ለዚህ ሥራ የሚበቃ ሠራተኛ በታሪክ መጻሕፍት አይጠቀስም፤ መርከብን ግን ከአድሚራል ይልቅ የሚያኖራት እርሱ ነው።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ ወጣች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» መርከበኞቿን ይዛ ወደ የመን ተሻገረች። ሞተሯ ቢነሣ እንኳ የምትመለስበት ወደብ አልነበራትም። በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።