ነቅተው ሳሉ በደረታቸው እናስተኛቸው
(በማንቡክ በማኅበራችን የቁጠባ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ብር የማይጠይቅ፣ ግን ጊዜያችንን የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ሕፃን ልጅ ነቅቶ ሳለ በደረቱ እንዲተኛ ስለማድረግ ነው።

በእኛ ዘንድ ልጅ የሚያድገው በእናቱ ጀርባ ነው። ማሳ ስንወርድ፣ ውሃ ስንቀዳ፣ እንጨት ስንለቅም፣ ገበያ ስንሄድ አዝለነው ነው። በ2013 ዓ.ም. መተከል በታወከ ጊዜም ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከቀያቸው ወጥተዋል። ስለዚህ ማዘልን አንነቅፍም። ልጁ የእናቱ ሙቀት አይለየውም፣ የእኛም እጅ ለሥራ ይፈታል። ነገር ግን የታዘለ ልጅ ክንዱን ዘርግቶ መግፋት አይችልም። ስናወርደው ደግሞ ብዙ ጊዜ በጀርባው እናስተኛዋለን። ታዲያ አንገቱና ትከሻው መቼ ይጠንክሩ?

በደረቱ የተኛ ሕፃን ዙሪያውን ለማየት ራሱን ቀና ማድረግ አለበት። ያን ጊዜ አንገቱ፣ ትከሻው፣ ክንዱና ወገቡ ይሠራሉ። ብዙ ልጆች በ2 ወር ገደማ ራሳቸውን ለአፍታ ያነሳሉ፤ በ4 ወር በክርናቸው ተደግፈው ደረታቸውን ቀና ያደርጋሉ፤ በ6 ወር ገደማ እጃቸውን ቀጥ አድርገው ይገፋሉ፣ ይገለበጣሉ። ይህ ጉልበት ለመቀመጥና ለመዳህ ያግዛቸዋል። ሁልጊዜ በጀርባው ብቻ የሚተኛ ልጅ ግን ጭንቅላቱ በአንድ ወገን ሊጠፈጠፍ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ገና መንቀሳቀስ ያልጀመረ ሕፃን ነቅቶ ሳለ በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ በደረቱ ይተኛ ይላል። ልጅ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ ታስሮ እንዳይቆይም ይመክራል፤ በጀርባ መታዘልም ከዚሁ ይቆጠራል።

30 ደቂቃው በአንዴ አይደለም፣ ተከፋፍሎ ነው። ለጨቅላ ሁለት ሦስት ደቂቃ እየደጋገሙ ይጀመራል። እናት ጋደም ብላ ደረቷ ላይ ብታስተኛው ይቆጠራል። ገላውን አጥበን እግራችን ላይ በደረቱ አድርገን ጀርባውን ስናሸውም እንዲሁ ነው። መሬት ላይ ከሆነ ሰሌን ዘርግተን ንጹሕ ጨርቅ እናንጥፍ፤ ጉንዳንና ዶሮ እንዳይደርስበት እንይ። ጠብቶ እንዳበቃ ወዲያው አናድርገው። ፊት ለፊቱ ተንበርክከን እናናግረው፤ ከከፋው እናንሳውና በኋላ እንሞክር።

ሁለት ነገር አይረሳ። በደረቱ ሲሆን ሰው ከአጠገቡ አይለይ። እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ በጀርባው ይገልበጥ፤ ሕፃን በደረቱ ሲያንቀላፋ ለድንገተኛ ሞት የመጋለጥ ዕድሉ ይጨምራል። ሌሊት በጀርባው፣ በአጎበር ውስጥ ይተኛ።

የጎረቤት ልጅ ቀድሞ ዳዴ አለ ብለን አንጨነቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ጋናን ጨምሮ በ5 አገሮች ባደረገው ጥናት ጤነኛ ልጆች ብቻቸውን የሄዱት ከ8 እስከ 17 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ሳይድሁ የሄዱም አሉ። ነገር ግን በ4 ወሩ አንገቱ ካልጸና፣ አንድ እጁን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ ወይም ሰውነቱ እጅግ ከላላ ወይም ከገተረ፣ ቤት ደብቀን አናቆየው። ወደ ጤና ኬላ እንውሰደው። ቶሎ የታየ ልጅ ቶሎ ይረዳል።

«30 ደቂቃ ከየት ይምጣ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በአረም ጊዜ ለራሳችን እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ ያጥረናል። ማኅበር የሚያስፈልገው ግን ለዚህ ነው። ብር በተራ እንደምናወጣ፣ ልጅም በተራ መጠበቅ እንችላለን። ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ እዚህ ጥላ ሥር ሰሌን ይዘርጋ፤ ሂሳብ እስኪሠራ ድረስ ሕፃናቱን ከጀርባችን እናውርድ፣ ሁለት እህቶችም በተራ ይጠብቁ። ማሳ ላይም ጎን ለጎን የምንሠራ እንዲሁ እንተጋገዝ። ማታ ማታ ደግሞ አባት ደረቱ ላይ ያስተኛው፤ ይህ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያውን ተራ ማን ይያዝ? እጃችሁን አሳዩንና እንመዝግብ።