ያልተመዘገበው ዕዳ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በሰንጋ ተራ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የተሰበሰብንበት ሰንጋ ተራ ስሙን የወረሰው ከከብት ገበያ ነው። አሁን ግን በሰፈሩ የሚቆጠረው ሰንጋ ሳይሆን ገንዘብ ነው፤ የባንክና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሕንፃዎች ሞልተውታል። በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም በዚሁ ሰፈር ለብዙ ዓመታት የሂሳብ ሠራተኞችንና ጸሐፊዎችን ሲያፈራ ኖሯል። ስለ መቁጠርና ስለ መመዝገብ ለመነጋገር እንግዲህ ስፍራው ተስማሚ ነው።

የምናገረው ስለ አንድ የሂሳብ አያያዝ ተማሪ ነው። ወጣቱ በሚማርበት ኮሌጅ መጀመሪያ ያሳሰበው በአንድ ወገኑ ብቻ ታትሞ የሚጣለው ወረቀት ነበር። ቀጥሎ ሌሊትና ቀን የሚንጠባጠበውን ቧንቧ፣ ከምግብ ቤቱ የሚወጣውን ትርፍራፊ፣ በየጥጉ የተከመረውን ፌስታል እየተመለከተ በደብተሩ ይጽፍ ጀመር። ጓደኞቹም «የቆሻሻ ገንዘብ ያዥ» እያሉ ቀለዱበት። እርሱ ግን አንድ ቀን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «መምህር፣ ወረቀቱ ሲገዛ በወጪ ተመዝግቧል፤ ተጥሎ ከግቢው በር ሲወጣ ግን በየትኛው መዝገብ ይገባል?»

መልሱ «በየትኛውም» የሚል ነው። መኪናው ከበሩ ሲወጣ ነገሩ ያበቃ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ከአንድ በር የወጣ ሁሉ አንድ ስፍራ መድረሱ አይቀርም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ፣ ቆሼ በተባለው ስፍራ፣ ከ50 ዓመት በላይ የተቆለለው የከተማችን ቆሻሻ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ያልታሰበ ዕዳ ሲመጣ «ዕዳ ከሜዳ» እንላለን። ያ ዕዳ ግን ከሜዳ የመጣ አልነበረም፤ ከየቤታችን፣ ከየመሥሪያ ቤታችንና ከየትምህርት ቤታችን የወጣ ነው። እኛ ሳንመዘግበው የቀረነውን ዕዳ፣ በክምሩ ግርጌ ጎጆ የቀለሱ ድኾች በሕይወታቸው ከፈሉት።

ሕጉ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 513/1999ም ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ወጥቷል። ሙያችንም ቢሆን መሣሪያ አላጣም። ማዕድን ያወጣ ድርጅት የቆፈረውን መሬት መልሶ የማስተካከል ግዴታ ካለበት፣ ወጪውን ገና ሳይከፍል አስቀድሞ በዕዳነት እንዲይዝ ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 37 ያዛል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ዘላቂነትና ስለ አየር ንብረት የሚደረጉ መግለጫዎችን የሚመለከቱ ሁለት አዳዲስ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ወጥተዋል።

ነገር ግን አንድ ልዩነት እናስተውል። እነዚህ ሁለት ደረጃዎች በዋናነት የሚጠይቁት፣ የአካባቢ ጉዳት በድርጅቱ የወደፊት ዕድል ላይ ምን ያስከትላል ብለው ነው። ተማሪው የጠየቀው ግን ግቢው በሌላው ሰው ላይ ምን ያስከትላል ብሎ ነው። የርሱ ጥያቄ ከደረጃዎቹ ይልቅ ወደ ቆሼ ሰዎች የቀረበ ነው።

መመዝገብ ብቻውን ቆሻሻ አያነሣም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ሆኖም ያልተመዘገበ ዕዳ ባለዕዳ የለውም፤ ባለዕዳ ለሌለው ነገር ደግሞ በጀት የሚጠይቅ አይገኝም። የተሰበረው ቧንቧ የሚጠገነው፣ የፈሰሰው ውሃ በብር ተሰልቶ ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። የምታስተምሩ፣ እንዲህ ያለውን የግቢ መዝገብ በመመረቂያ ጽሑፍነት ተቀበሉ። ኦዲት የምታደርጉ፣ ወደ ድርጅቱ ስለገባው እንደምትጠይቁ ሁሉ ስለወጣውም ጠይቁ። መሥሪያ ቤት የምትመሩ፣ ለሚጣለው ነገር በመዝገባችሁ አንድ ገጽ ክፈቱ። ወጣቱ ብቻውን በደብተር የጀመረው ሥራ የእኛው ሙያ ነውና፣ የሚቀለድበት ሳይሆን የሚታገዝበት ቀን እንዲመጣ ማድረግ የማኅበራችን ፈንታ ነው።