የአየር ቧንቧ ልጋግና ሙሲን የተባሉት ፕሮቲኖች
(ለተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)



ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ መርካቶ ሲመላለስ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ሲናፈጥ መሐረቡ ላይ ጥቀርሻ ያያል። ብዙው ሰው ይጸየፈዋል። ይሁንና ያ ጥቀርሻ ሳንባ ሳይደርስ የተያዘ ነው፤ የያዘውም ሙሲን የሚባል ፕሮቲን ነው።

የአየር ቧንቧን የሚያለብሰው ልጋግ በጤናማ ሰው ዘንድ ከመቶ 97 ያህሉ ውሃ ነው። የሙሲን ድርሻ እጅግ ጥቂት ቢሆንም ልጋጉን የሚያዝለገልገው እርሱ ነው። እያንዳንዱ ሙሲን ረጅም የፕሮቲን ክር ሲሆን፣ በላዩ የስኳር ሰንሰለቶች ጥቅጥቅ ብለው ተተክለውበታል፤ ከክብደቱም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስኳሩ ነው። ስኳሮቹ ውሃ ስበው ይይዛሉ። ክሮቹ ደግሞ ጫፍ ለጫፍ በሰልፈር ማሰሪያ ተያይዘው መረብ ይሠራሉ፤ አሴቲልሲስቴይን የተባለው መድኃኒት አክታን የሚያቀጥነው ይህንኑ ማሰሪያ በመበጠስ ነው።

ሙሲን በሕዋስ ውስጥ ሳለ በካልሲየም ታስሮ፣ ተጨምቆ ይቀመጣል። ወደ ውጭ ሲለቀቅ ባይካርቦኔት ካልሲየሙን ያነሣለትና ውሃ ጠጥቶ ብዙ መቶ እጥፍ ያብጣል። ከሥሩ ያሉት ሲሊያ የተባሉ ፀጉር መሰል ጥቃቅን አካላት በሰከንድ 10 ጊዜና ከዚያ በላይ እየተወዛወዙ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ ሰውም ሳያውቀው ይውጠዋል።

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሕዋስን የሚይዘው ሲያሊክ አሲድ በተባለ ስኳር ነው። ሙሲንም ይህንኑ ስኳር ስለተሸከመ ቫይረሱን አታልሎ ያስቀረዋል። ቫይረሱ በበኩሉ ስኳሩን የሚቆርጥ ኢንዛይም ይዞ ይመጣል፤ ኦሴልታሚቪር የተሰኘው መድኃኒት የሚያግደው ይህን ኢንዛይም ነው። በኮቪድ 19 ጸንቶባቸው ከታመሙት በብዙዎቹ ዘንድ ደግሞ ሙሲን ከልክ በላይ ተመርቶ ወፍራም አክታ ቧንቧቸውን ሲደፍን ታይቷል። ጠባቂው ራሱ አናቂ ሆነ ማለት ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ታማሚ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ በየቤቱ የባሕር ዛፍ ቅጠል እያፈሉ መታጠን ተለምዶ ነበር። እንፋሎት የደረቀ አፍንጫን ለጊዜው ያርሳል፤ ቫይረሱን ግን አይገድልም። የፈላው ድስት በሕፃን ላይ ቢገለበጥ የሚያደርሰው ቃጠሎ ከጉንፋኑ ይብሳል። የከሰልና የማገዶ ጭስ በበኩሉ ሲሊያን ያዳክማል፤ ልጋግ አመንጪ ሕዋሳትንም ያበዛል። ስለዚህ ቡና ሲፈላም ሆነ ወጥ ሲሠራ መስኮትና በር ይከፈት።

በታክሲ መስኮት የሚተፋው አክታ የያዘውን ቫይረስ አልገደለም፤ ይዞት ይወጣል እንጂ። የሚያስል ሰው አፍና አፍንጫውን በመሐረብ ወይም በክንዱ እጥፋት ይሸፍን፤ ማስክም ያድርግ። አክታው ደም ከታየበት፣ ወይም ሳሉ 2 ሳምንት ከሞላው፣ የቲቢ ምርመራ ስለሚያስፈልገው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።