ዝግጅቱ ሲያልቅ ስንት ቀረ?

(ይህ ጽሑፍ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለተውጣጡ የፀረ ኤድስ ክበብ አመራሮች በገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ዙሪያ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ ነው።)



ገና በር ላይ ሳለሁ አንዷ እህታችሁ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ለዓለም ኤድስ ቀን ኮንሰርት እያዘጋጀን ነውና እስቲ ከአንድ ድምፃዊ ጋር ያገናኙን» አለችኝ። «ጎሽ! ለምን ጉዳይ ነው ገንዘቡ?» አልኳት። «ለተቸገሩ ልጆች» አለች። «ስንት ብር ያስፈልጋችኋል?» ስላት ትንሽ አሰብ አደረገችና «የተገኘውን ያህል» ብላ ሳቀች። ስሟን አልናገርም፤ አሁንም እየሳቀች ነው። የዛሬው ንግግሬ ግን በሙሉ ስለዚያች መልስ ነው።

የኔ ክበብም በ1997 ዓ.ም ልክ እንደዚያ ብሎ ነበር የተነሳው። ዓመቱን የማስታውሰው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረበት ጊዜ ስለነበረ ነው። ከዚያ በፊት ግን ብዙ እናትና አባት አልፏል። በትምህርት ቤታችንም ወላጆቻቸውን በኤድስ ያጡ፣ ከአያት ወይም ከታላቅ እህት ጋር የሚኖሩ 14 ልጆች ነበሩ። ለእነሱ ዩኒፎርምና ደብተር እንግዛ ብለን ተነሳን። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ታዲያ የመጀመሪያ ስብሰባችን ላይ ስለ ምን የተከራከርን ይመስላችኋል? ስለ ዩኒፎርም ዋጋ? የለም፤ የመድረክ መሪው ማን ይሁን በሚለው ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን።

አዳራሽ በ500 ብር ተከራየን። የድምፅ መሣሪያ 450፣ ቲኬት ማሳተሚያ 150፣ ለሙዚቀኞቹ ምሳና ትራንስፖርት ደግሞ 200 ብር ወጣ። 600 ቲኬት አሳትመን አንዱን በ5 ብር ስናሰላው 3,000 ብር መጣልን፤ በደስታ ሰከርን። ቲኬቱን ለአባላት እንዲሁ እፍኝ እፍኝ አድርገን አደልን። ማን ከስንት ቁጥር እስከ ስንት ቁጥር እንደወሰደ የጻፈ የለም። ግማሹ ለጓደኛው በዱቤ ሸጠ። ሲያልቅ 190 ቲኬት ተመለሰ፤ የ273ቱ ገንዘብ ገባ፤ 137 ቲኬት የት እንደደረሰ እስካሁን አላውቅም። የገባው 1,365 ብር፣ የወጣው 1,300 ብር። እናንተው ቀንሱት።

65 ብር! ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ደብተር ነበር የደረሰው። በማግስቱ «ኮሚቴው በላው» የሚል ወሬ ግቢውን ሞላው። እውነቱን ለመናገር ማንም አልበላም፤ ተዝረከረከ እንጂ። ነገር ግን ላለመብላታችን ማስረጃ የሚሆን አንዲት ወረቀት አልነበረንም። ገንዘብ ያዣችን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ታማኝና ዝምተኛ ልጅ። ሰው በሄደችበት ሁሉ ሲጠቋቆምባት ከርሞ፣ ከዚያ ወዲያ በክበቡ በር አልፋ አታውቅም።

ከገንዘቡ የባሰም ነበር። መድረክ መሪው በሙዚቃው መሐል፣ «ወላጆቻቸውን በኤድስ ያጡት ልጆች እስቲ ብድግ ብለው ይታዩ!» አለ። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ሰው ልቡ እንዲራራና እጁ እንዲፈታ ብሎ ነው። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ልጆች ተነሱ። አንዱ የሹራቡን አንገት እስከ አፍንጫው ሳበው። ሰኞ ዕለት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ከአጠገቧ የሚቀመጥ ታጣ። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት ቀየረች አሉ። እኛ መገለልን እናጠፋለን የሚል ጥቅስ ከመድረኩ በላይ ሰቅለን ነበር።

ስለዚህ ከመጨረሻው ጀምሩ እላችኋለሁ። ዝግጅቱ አልቆ፣ ወንበሩ ተነስቶ፣ ደብተሩ በልጁ እጅ የሚገባበትን ቀን አስቡና ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ስንት ልጅ? ምን ያስፈልገዋል? ዋጋው ስንት? እኛ በሁለተኛው ዓመት ገበያ ወጥተን ጠየቅን። ዩኒፎርም 70 ብር፣ 12 ደብተር በሁለት ሁለት ብር 24፣ እስክሪብቶ 6 ብር፤ ለአንድ ልጅ 100 ብር። ለ14ቱ 1,400 ብር። ይህ ቁጥር ሲታወቅ ክርክሩ ሁሉ ቀለለ። አንዱ «አዳራሽ እንከራይ» ሲል፣ «አዳራሹ እኮ የአምስት ልጅ ዩኒፎርምና ደብተር ነው» የሚል መልስ ተገኘ።

በ1998 ዓ.ም ያደረግነው ዝግጅት የሚያስገርም አልነበረም። የወላጆች ቀን ሲደርስ ወላጅ ሁሉ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሰው ለመሰብሰብ መድከም የለብንም። በዚያ ቀን ቡና አፈላን። ቡናውንና ስኳሩን እናቶች ሰጡን። ወንበርና ሲኒ ከሰፈር ዕድር ተዋስን። ወጪያችን የከሰልና የወረቀት 62 ብር ብቻ ነበር፤ የገባው 1,518። የቀረው 1,456 ብር ስለሆነ ልጆቹን አዳርሰን 56 ብር ተረፈን። ድምፃዊ አልነበረም። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ክራር ገርፏል፤ እሱም ቡናውን በነፃ ጠጥቷል።

ከዕድሩ ሲኒ ብቻ አይደለም የተዋስነው። ሲኒ ልንወስድ የሄድን ጊዜ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ «ልጆቼ፣ ገንዘብ ሲቆጠር ዓይን ይብዛበት» አሉን። ሦስት ቁልፍ ያለው ሣጥናቸውንም አሳዩን። ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ ስለሆነ ሦስቱ ካልተገናኙ ሣጥኑ አይከፈትም። እኛም እንደዚያው አደረግን፤ አንዱ ቁልፍ በክበቡ ተጠሪ መምህር፣ አንዱ በገንዘብ ያዥ፣ ሦስተኛው በአንዲት ወላጅ እጅ። ማታውኑ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቆጥሮ፣ ሦስቱም ፈርመው፣ ገቢና ወጪው ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ይኼ ለገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ያዥ ለሆነው ልጅ ስም ጭምር ነው።

ዛሬ ደግሞ ቴሌብር መጥቷል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም ወዲህ ሰው በስልኩ መላክ ለምዷል፤ መልካም ነው። ነገር ግን በምንም ዓይነት የአንድ ተማሪ የግል ስልክ ቁጥር ፖስተር ላይ እንዳታወጡ። ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ ወይም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሂሳብ ይግባ፤ ደረሰኝም ከዚያው ይቆረጥ። ቶምቦላ ያማራችሁም ካላችሁ፣ ሎተሪን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ ዕጣ መሸጥ እንደማይቻል ከወዲሁ እወቁት።

በጎ ፈቃደኞችን ስለመምራት ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማውቀው ትንሽ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል አይደል? ታዲያ የኛ ክበብ ሊቀ መንበር ሃምሳውንም ሎሚ ብቻውን ተሸክሞ «ሰው አይሠራም» እያለ ሲያማ ነበር የሚውለው። «ሁላችንም እናደርገዋለን» የተባለ ሥራ የማንም ሥራ አይደለም። ስኳር የሚያመጣው ማነው? እስከ የትኛው ቀን? ባይሳካለት ለማን ይናገራል? ስሙን ጻፉት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተና አለባቸውና ከባዱን ሥራ አትጫኑባቸው። ለክበቡ ጉዳይ ታክሲ የተሳፈረ አባል የታክሲውን ይመለስለት። በጎ ፈቃደኛ ጊዜውን ሰጠ እንጂ የእናቱን የአስቤዛ ገንዘብ ልስጥ አላለም። የ137 ቲኬቶቹ ነገር ምናልባት ከዚሁ የመጣ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ነጋዴ ዘንድ ስትሄዱም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዛችሁ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ ሱቁ ጋብ በሚልበት ሰዓት ሂዱ። «እርዱን» ከምትሉ «አምስት ኪሎ ስኳር ጎድሎናል» በሉ። ሰው ልኩ የታወቀ ነገር ሲጠየቅ አይጨነቅም። ሲያልቅ ደግሞ ያው ሰውዬ ዘንድ ተመልሳችሁ ውጤቱን ንገሩት። ያን ጊዜ ያመሰገንነው ባለሱቅ በቀጣዩ ዓመት ሳንጠይቀው ነው ስኳሩን የላከው።

የልጆቹ ነገር ግን ከሁሉ ይቀድማል። ስማቸው፣ ፎቶግራፋቸው፣ የቤተሰባቸው የጤና ሁኔታ በፖስተርም በቴሌግራምም አይወጣም። ልጁ ራሱ «ግድ የለም» ቢላችሁ እንኳ ነገ የሚከተለውን አያውቅምና እናንተ እወቁለት። በሁለተኛው ዓመት ዩኒፎርሙን ያደሉት የክፍል ኃላፊ መምህራን ነበሩ፤ በሌላ ምክንያት ከተቸገሩና ትምህርት ቤቱ ከሚረዳቸው ልጆች ጋር ቀላቅለው፣ አንድ በአንድ ቢሮ እየጠሩ። እኛ ስንት ዩኒፎርም እንደተሰጠ እንጂ ለማን እንደተሰጠ አልተነገረንም። አንዳንድ አባላት ቅር ብሏቸው ነበር፤ «ለፍተን ለፍተን ልጆቹ አያመሰግኑንም?» ብለው። አላመሰገኑንም። ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ሰልፍ ላይ ቆሙ፤ ከሌላው ተማሪ መለየት አልቻልንም።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን የኤች አይ ቪ ሥራ በአመዛኙ ሲካሄድ የኖረው ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ፣ በተለይ በግሎባል ፈንድና ፔፕፋር በተባለው የአሜሪካ ፕሮግራም ነው። በጥር 2017 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት ሲያቆም ሥራቸው የተቋረጠባቸው ብዙዎች ናቸው። ቡና ሸጠን መድኃኒት እንገዛለን አልልም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ካለም አትመኑት። የክበብ ገንዘብ የሚገዛው ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ምናልባትም ክኒኑን ሊያመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ለሚሄድ ልጅ የታክሲ ነው። ያንን ግን ከማንም ፈቃድ ሳንጠብቅ ማድረግ እንችላለን።

አሁን ወረቀት አውጡ። ስለ መድረክ፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ቲሸርት እንዳትጽፉ። ስንት ልጅ፣ ምን፣ በስንት ብር? ዋጋውን የማታውቁ ክፍት ተዉትና ከሰዓት በኋላ ገበያ እንወጣለን። ስለ ድምፃዊ የጠየቀችኝ እህታችን የታለች? ጻፍሽ? በይ ተነሺና አንብቢልን፤ ካንቺ እንጀምራለን።