የእናቶቻችን ቀለም እንዳይለቅ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ ቀለም ነው። ቀለም ስል ከዕፀዋት ሥር፣ ቅጠልና አበባ ተቀምሞ ልብስን፣ ስፌትንና ገላን ስለሚያስጌጠው ቀለም መናገሬ ነው።

የሐዋሳን መናኸሪያ የሚያውቅ ሰው በማለዳ ምን እንደሚመስል አይስተውም። ረዳቶች «ሻሸመኔ! ዲላ! ሶዶ!» እያሉ ይጣራሉ፤ መንገደኛውም ጥቅሉን ታቅፎ ተራውን ይጠብቃል። ከዕለታት አንድ ቀን በዚያው ስፍራ አንዲት እናት ከአጠገቤ ተቀምጠው ጥቅላቸውን ሲፈቱ ተመለከትሁ። ያወጡት ነጠላ ለልጃቸው ሠርግ የተገዛ ነበር። ነገር ግን የጥለቱ ቀይ ቀለም ለቆ ነጩን አዥጐርጕሮታል።

«እማማ፣ ነጠላዎ ምን ሆነ?» አልኋቸው።

«አንድ ጊዜ ባጥበው ለቀቀ፣ ልጄ። የእናቴ መሶብ አለላው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀም።»

«አለላውን በምን ነበር የሚያቀልሙት?»

ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ሥር ሲያፈሉ አያለሁ፤ እሳቱን የማነድላቸውም እኔ ነበርሁ። የትኛው ሥር እንደ ሆነ ግን አልጠየቅኋቸውም» ሲሉ መለሱልኝ።

አውቶቡሱ መጥቶ ተለያየን። ቃላቸው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። እሳቱን ያነደደች ልጅ የድስቱን ምሥጢር ሳትረከብ ከቀረች ዕውቀቱ የጠፋው በጠላት ወይም በእሳት ቃጠሎ አይደለም፤ ጠያቂ በማጣት ነው።

ይህ ዕውቀት በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው። ሸማችን ከጥለቱ በቀር በአብዛኛው ነጭ ስለ ሆነ የቀለም ጥበባችን ይበልጥ የሚታየው በሌላው ሥራ ላይ ነው። ሴቶቻችን እንሶስላን ከሥሩ ቈፍረው እጃቸውንና እግራቸውን ያቀልሙበታል። የዕፀዋት ሊቃውንት ለዚህ ተክል ባወጡለት የላቲን ስም ውስጥ «የማቅለሚያ» የሚል ቃል ያኖሩት ስለዚሁ ጠባዩ ነው። ስፌት ሰፊዎች አክርማን አቅልመው መሶብ ያስጌጡበታል። የብራና ጸሐፊዎችም ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በገዛ እጃቸው በጥብጠው ጽፈዋል።

ታዲያ ይህ ጥበብ ስለ ምን ተዳከመ? እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1856 ዓ.ም. ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ለማውጣት ሲሞክር ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ። በ1897 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመኖች በፋብሪካ የተሠራውን ሰማያዊ ቀለም ለገበያ አቀረቡ። የፋብሪካው ቀለም ዋጋው ረከሰ፤ ሥራውም ፈጠነ። ስለዚህ በብዙ አገሮች ሥር የሚያፈላው ድስት ከምድጃው ወረደ።

ጃፓንም ከዚህ አላመለጠችም። ይሁን እንጂ ጃፓኖች ጥፋቱን በጊዜ አስተዋሉ። በ1950 ዓ.ም. የባህል ቅርስን የሚጠብቅ ሕግ አወጡ፤ ቈይተውም ሕጉን በማሻሻል ቤተ መቅደሱንና ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን ጥበቡን በእጁ የያዘውን ሰው ጭምር እንዲያከብር አደረጉ። በ1955 ዓ.ም. ይህ ክብር ከደረሳቸው መካከል አያኖ ቺባ የተባሉ የ65 ዓመት የገጠር ሴት ይገኙበታል። እኒህ እናት ሰማያዊ ቀለም የሚሰጠውን ተክል በማሳቸው ዘርተው፣ ቅጠሉን አብላልተው፣ እሳት ሳያነዱ በወራቱ ሙቀት ብቻ አፍልተው፣ ራሳቸው ፈትለው የሸመኑትን ልብስ ያቀልሙ ነበር። መንግሥት ያከበራቸው ስለ ሀብታቸው ወይም ስለ ትምህርት ማዕርጋቸው አልነበረም፤ የሚያውቁትን ስላወቁ ነው። ከእርሳቸውም በኋላ ሴት ልጃቸው ሥራውን ተረከቡ። እንግዲህ ያች ልጅ ጠይቃለች ማለት ነው።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። በጾም ወራት ፍትፍት የምናደርገው እሾሃሙ ሱፍ በጃፓን አገር በያማጋታ አውራጃ የተከበረ የማቅለሚያ ተክል ነው። እኛ ዘሩን ስንፈልግ እነርሱ አበባውን ይለቅማሉ። አበባው ቢጫና ቀይ ቀለም አለው። ቢጫው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይወጣል። ቀዩ ግን በአመድ ውሃ ካልሆነ አይለቅም፤ ከዚያም ኮምጣጣ ነገር ሲጨመርበት በልብሱ ላይ ይጸናል። አመድና ሆምጣጤ በማን ቤት ጠፍቶ ያውቃል? የጐደለን ዕቃው ሳይሆን ትምህርቱ ነው።

ይህን ስል የፋብሪካን ሥራ መንቀፌ አይደለም። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል፤ ፍሳሹን መልሶ የሚያጠራ ማጣሪያም ተሠርቶለታል። ሐይቃችን ውሃ የሚገባበት እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የሌለው ስለ ሆነ ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው። ደግሞም የዕፀዋት ቀለም ሁሉ ጽኑ ነው ማለት አይቻልም፤ እርድ ያማረ ቢጫ ቢሰጥም ፀሐይ ቶሎ ያደበዝዘዋል። ስለዚህ የአያቶቻችንን ሥራ ማድነቅ ብቻ አይበቃም፤ መጠየቅና መፈተን ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በዕድሜ የገፉ እናት ያሉት ሰው ሁሉ ደብተርና እርሳስ ይዞ በአክብሮት ይጠይቅ። የተክሉን ስም በሲዳምኛም ይሁን በወላይትኛ ወይም በአማርኛ እንደሚጠሩት አድርጎ ይጻፍ። ሥሩ ነው ወይስ ቅጠሉ? በየትኛው ወር ይለቀማል? ስንት እፍኝ ለስንት ውሃ? እስከ ምን ድረስ ይፈላል? ምንስ ይጨመርበታል? ይህን ሁሉ ይመዝግብ። ቀጥሎም ቍራጭ ጨርቅ አቅልሞ ግማሹን ሸፍኖ ግማሹን ለፀሐይ ይስጠው፤ ከአንድ ወር በኋላም ያስተያየው። ሌላውን ቍራጭ በሳሙና ይጠበው። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው የቤት ሥራ ቢሰጡ መልካም ነው። ነገር ግን ሥር የሚቈፍር ሰው መልሶ መትከልን አይዘንጋ፤ ሥሩ ያለቀ ተክል ለልጅ ልጅ አይተርፍምና።

አባቶቻችን የሚጻፍበትንም፣ የሚነከርበትንም፣ ትምህርትንም በአንድ ቃል «ቀለም» ብለው ጠርተዋል። ፊደል ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ካልተላለፈ እንደሚጠፋ ሁሉ የድስቱም ቀለም ከእናት እጅ ወደ ልጅ እጅ ካልተሻገረ ይጠፋል።

በመናኸሪያው ያገኘኋቸው እናት ሊጠይቁ በተመኙ ጊዜ የሚመልስላቸው አላገኙም። እናንተ ግን ምናልባት ዛሬ ማታ ከምድጃው አጠገብ የምትጠይቋት እናት አለችላችሁ። እባካችሁ፣ ሳይመሽ ጠይቋት።