ከገበታ ሥር ያለው ቤተኛ፦ ውሻና የምግብ ቤት በረንዳ በቆቦ



የዛሬው ርእስ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ አስተውያለሁ። ስለ ድርቅ፣ ስለ መስኖና ስለ ማሽላ ምርት በሚነገርበት አዳራሽ ስለ ውሻ መናገር እንደ ቀልድ ሊቆጠር ይችላል። ሆኖም ጉዳዩ ከሰው ሕይወት ጋር የተያያዘ መሆኑን አብረን እንደምንደርስበት ተስፋ አደርጋለሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሚመገብበት ስፍራ ውሻ ሊኖር ይገባዋልን?

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ቆቦን አቋርጦ ያልፋል። ከጎዳናው ዳርና ዳር ምግብ ቤቶች፣ ሥጋ ቤቶችና ሻይ ቤቶች አሉ። አገሩ ቆላ ነውና ተመጋቢው ከቤት ውስጥ ይልቅ በረንዳውን ወይም የዛፍ ጥላን ይመርጣል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ጥላ የሚሻው ግን ሰው ብቻ አይደለም። ውሻው ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ ይጋደማል። አንዱ ሹፌር የጋጠውን አጥንት ይጥልለታል፤ ሌላው ደንበኛ ተጸይፎ ወንበሩን ያርቃል፤ አስተናጋጁ ልጅ በእግሩ ገፋ ያደርገዋል። ውሻው ሁለት ርምጃ ፈቀቅ ብሎ ይቆይና ተመልሶ ይተኛል። «ይህ ውሻ የማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «የማንም አይደለም» ይሏችኋል። «ማን ያበላዋል?» ብትሉ ደግሞ «ሁሉም» ይሏችኋል። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ ሁለት መልሶች መካከል ስላለው ክፍተት ነው።

በመጀመሪያ ጥያቄው በሌላው ዓለም እንዴት እንደሚነሣ እንመልከት። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሕግ ምግብ ቤቶች ከፈቀዱ ደንበኞች ውሻቸውን ወደ ውጭው መመገቢያ ይዘው እንዲገቡ ተደርጓል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የምግብ ንጽሕና ደንብ ደግሞ የቤት እንስሳት ምግብ ወደሚዘጋጅበት፣ ወደሚያዝበትና ወደሚከማችበት ስፍራ እንዳይገቡ ያዛል። በሁለቱም ቦታ ሕጉ በዐይነ ሕሊናው የሚያየው ውሻ በማሰሪያ ተይዞ ከባለቤቱ ጋር የሚመጣ፣ የተከተበና ስም ያለው ውሻ ነው። ስለዚህ ክርክሩ የባለ ውሻውን ፍላጎትና የሌላውን ደንበኛ ምቾት ማመዛዘን ነው። የእኛ ውሻ ግን ብቻውን ይመጣል። ፈቃድ የሚጠይቅለትም፣ ጥፋት ቢያደርስ የሚጠየቅለትም የለም። በመሆኑም የውጭውን ሕግ እንዳለ ወስደን «ይፈቀድ» ወይም «ይከልከል» ብንል ያልተጠየቀ ጥያቄ እንመልሳለን።

የእኛን ጥያቄ ለመረዳት የሚያግዘን አንድ የቆየ ምሳሌያዊ አነጋገር አለን፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል»። ይህ አባባል ብዙውን ጊዜ ለጥቅሙ ሲል የሚሟገትን ሰው ለመንቀፍ ይነገራል። ቃሉን በቀጥታ ከወሰድነው ግን ስለ ውሻው ጠባይ ትክክለኛ ምስክርነት ይሰጣል። ውሻ የሚበላበትን ስፍራ የራሱ ያደርጋል፤ ሌሊት ይጠብቀዋል፤ ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፤ ሌላ ውሻ ሲጠጋ ያባርራል። ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ከበሩ ላይ የሚያድረው ያለ ደመወዝ የተቀጠረ ዘበኛ ነው። በራያ ቆላ ከብት አርቢው የውሻን ዋጋ ጠንቅቆ ያውቃል። እንግዲህ በረንዳው ላይ የምናየው ፍጡር በአንድ አጥንት እኛው ራሳችን ያደረግነው ቤተኛ እንጂ መንገድ ስቶ የገባ እንግዳ አይደለም።

እዚህ ላይ የሃይማኖት ነገር መነሣቱ አይቀርም፤ መነሣትም ይገባዋል። ራያ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን የሚኖሩበት፣ ሥጋ ቤቱ ቢለያይም ገበያው አንድ የሆነበት አገር ነው። በእስልምና ውሻ አፉን ያገባበት ዕቃ በጥንቃቄ መታጠብ እንዳለበት የታወቀ ሥርዓት አለ፤ ስለ ምራቁ ንጽሕና የፊቅህ ሊቃውንት በየመዝሀባቸው ይለያያሉ። በኦርቶዶክስ ክርስትናም ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ይጠበቃል። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ሁለቱም ሃይማኖቶች ስለ ውሻ ርኅራኄን ያስተምራሉ። የተጠማ ውሻ ያጠጣው ሰው ምሕረት እንዳገኘ የሚተርከው ሐዲስ በየመስጊዱ ይነገራል፤ ከጌቶቻቸው ማዕድ የሚወድቀውን ፍርፋሪ ስለሚበሉ ውሾች የሚያነሣው የከነዓናዊቷ ሴት ታሪክም በወንጌል ይነበባል። ሁለቱ ትምህርቶች ተጣምረው ሲታዩ «ከዕቃህ አርቀው፤ ነገር ግን አታስርበው» የሚሉ ይመስለኛል። ይህም እንደምናየው ከዘመናዊው የጤና ሳይንስ ምክር ብዙ አይርቅም።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ልለፍ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አዲስ አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ በሽታው ታሪክና ስለ ባህላዊ ሕክምናው በኢትዮጵያ ጥናት አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በዚሁ በወሎ ወረርሽኝ እንደነበረ ተመዝግቧል። ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ክትባት ለሰው የሰጠው በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ዛሬም በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ሲሆን፣ ከሟቾቹ 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው።

ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ከበረንዳው ጋር አገናኙት። ጠረጴዛ የሚጠርገው፣ አጥንት የሚለቅመው፣ ጫማ የሚያሳምረው፣ ሎተሪና ማስቲካ የሚያዞረው ማን ነው? ልጅ ነው። ውሻው ላይ በጨለማ የሚረግጠው፣ ከአፉ አጥንት የሚቀማው፣ ሲነከስም እንዳይቆጡት ፈርቶ የሚደብቀው ልጅ ነው። ደንበኛው ቢጸየፍ ሌላ ምግብ ቤት መሄድ ይችላል፤ ልጁ ግን የሚሄድበት የለውም።

«ያበደ ውሻ መቼም ይታወቃል» የምትሉ ትኖራላችሁ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መኮንን ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት የቤተ ሙከራ ጥናት፣ ከኢትዮጵያ በተገኘ የቫይረስ ዝርያ የተበከሉ ውሾች ምልክት ከማሳየታቸው እስከ 13 ቀን አስቀድሞ ቫይረሱ በምራቃቸው ውስጥ ተገኝቷል። ከጠረጴዛው ሥር ጸጥ ብሎ የተኛው ውሻ ጤነኛ መሆኑን ዐይን ብቻውን አያረጋግጥም ማለት ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ጸበልም ሆነ ዱዓ የክትባቱ ተቃራኒ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ክትባቱን ግን ማስቀደም ያስፈልጋል። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና።

ሁለተኛው አደጋ ድምፅ የለውም፤ መነሻውም የምግብ ቤቱ የጓሮ በር ነው። በውሻ አንጀት ውስጥ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ የኮሶ ዘመድ ትል ይኖራል። እንቁላሉ ከውሻው ዐይነ ምድር ጋር ይወጣና በሣር፣ በውኃ፣ በአትክልትና በእጅ አማካይነት ወደ በሬው፣ ወደ በጉ፣ ወደ ግመሉና ወደ ሰው ይደርሳል። በጉበትና በሳንባ ውስጥም ሃይዳቲድ የሚባለውን ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል፤ ይህም በሰው አካል ውስጥ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊያድግ ይችላል። ውሻው ትሉን የሚያገኘው ደግሞ ይህን ከረጢት የያዘ የሆድ ዕቃ ጥሬውን ሲበላ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሥጋ ሻጩ ጉበቱን ገልጦ ቋጠሮ ሲያይበት «ይህስ ለሰው አይሆንም» ብሎ ቆርጦ የሚጥለው ለማን ነው? ለውሻው ነው። በዚያች ቅጽበት ከሰው ገበታ ያራቀው በሽታ በሌላ መንገድ ወደ ገበታው እንዲመለስ ያደርጋል።

የበረንዳችን ውሻ የዘመን መቁጠሪያም ከእኛው የተቀዳ ነው። በዐቢይ ጾም የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሲዘጋ ውሻው ይራባል፤ ወደ ሙስሊሙ ሥጋ ቤት ይሻገራል፤ ከሌሎች ውሾች ጋር ይጣላል። በፋሲካና በዒድ አል አድሃ ዕርድ ሲበዛ ደግሞ የሆድ ዕቃው በየጥጉ ይከመራል። የውሾቹን ብዛትና እንቅስቃሴ የሚወስነው እኛ የምንጥለው ነገር እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ ማባረር ወይም በመርዝ መግደል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ውሾችን በጅምላ መግደል በሽታውን እንደማይገታ፣ ይልቁንም ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉን መከተብ ስርጭቱን እንደሚያቋርጥ ይመክራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ምግቡ እስካለ ድረስ የሞተውን ውሻ ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። በሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 መጀመሪያ የደልሂ የጎዳና ውሾች ሁሉ ተሰብስበው ወደ መጠለያ እንዲገቡ አዝዞ ነበር። በዚያው ወር ትእዛዙን አሻሽሎ፣ ካበዱትና ከአደገኞቹ በቀር ውሾቹ እንዳይራቡ ተደርገውና ተከትበው ወደ ነበሩበት ሰፈር እንዲመለሱ፣ ሰዎችም በየመንገዱ መመገባቸውን ትተው በተለየ ቦታ ብቻ እንዲያበሉ ወሰነ። ከዚህ ውሳኔ የምንማረው ስለ ውሻው ከመወሰን በፊት ስለ ማብላቱ መወሰን እንደሚያስፈልግ ነው።

በእኛም ሕግ ለዚህ መነሻ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ቁጥር 2072 ደግሞ ባለቤት ሳይሆን እንስሳውን ለራሱ ጥቅም የያዘውን ሰው ጭምር ተጠያቂ ያደርጋል። በየቀኑ ሌሊቱን ሲጠብቅለት ትርፍራፊ የሚያበላው ምግብ ቤት «እኔ አልያዝኩትም» ሊል ይችላልን? ፍርድ ቤት ምን እንደሚል መተንበይ የእኔ ሥራ አይደለም፤ የሕግ ተማሪዎቻችን ቢከራከሩበት ደስ ይለኛል። በሥነ ምግባር ረገድ ግን መልሱ ግልጽ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ያበላ ይጠየቅ።

በተግባር ይህ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ በደጁ ውሻ የሚያበላ ቤት ሁሉ ያንን ውሻ በየጊዜው ያስከትብ፤ የትል መድኃኒትም ያሰጠው፤ የተከተበውም በአንገት ማሰሪያ ይለይ። ሁለተኛ፣ ጥሬ የሆድ ዕቃ ለውሻ አይጣል፤ ቋጠሮ ያለበት ይቃጠል ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጉድጓድ ይቀበር፤ የሚሰጠውም በደንብ ይቀቀል። ሦስተኛ፣ ማብላት በጓሮ፣ በተወሰነ ቦታና ሰዓት ይሁን፤ ከጠረጴዛ ላይ መወርወር ይቅር።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አቅልዬ አላየውም። በትንሽ ካፒታል እንጀራና ሻይ የምትሸጥ እናት ይህን ሁሉ ግዴታ ከየት አምጥታ ትሸከም? ግዴታው ከከበዳትስ ማብላቱን ትታ ውሻውን በድንጋይ ማባረር አይቀላትም? ተቃውሞው እውነት አለው። ስለዚህ ሸክሙ በአንድ ቤት ላይ መውደቅ የለበትም። በአንድ መንገድ ዳር ያሉ ምግብ ቤቶችና ሥጋ ቤቶች ሊጋሩት ይችላሉ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም በዓመት ተለይቶ በታወቀ ቀን ወደ መንደሩ ቢመጡ ወጪው ለሁሉም ይቀልላል። አንድን ውሻ ለመከተብ የሚወጣው ገንዘብ አንድን የተነከሰ ልጅ ለማሳከም ከሚወጣው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዕድርና ዕቁብ ያቋቋመ ማኅበረሰብ ለዚህ የሚሆን መዋጮ ማደራጀት አያቅተውም።

እንግዲህ ወደ መነሻው ጥያቄ ልመለስ። ውሻ ምግብ በሚበስልበት ማጀትና ሥጋ በሚቆረጥበት ጉማጅ አጠገብ ሊኖር አይገባውም፤ በዚህ ላይ ሃይማኖቱም ሳይንሱም አንድ ቃል ናቸው። በበረንዳው ላይ ደግሞ የተከተበ፣ የሚታወቅና ኃላፊ ያለው ውሻ ከጠረጴዛዎቹ ራቅ ብሎ ቢተኛ አልቃወምም፤ የማይፈልገው ደንበኛ ሲኖር ግን ቤቱ ሊያስወጣው ይገባል። የማልቀበለው ዛሬ ያለንበትን ሁኔታ ነው፤ ለማብላት ሁላችንም ቤተሰብ፣ ለመጠየቅ ግን ሁላችንም ባዳ የሆንበትን።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ምሳ ስትቀመጡ ከእግራችሁ ሥር አንድ ውሻ ቢመጣ፣ አጥንቱን ከመጣላችሁ በፊት የቤቱን ባለቤት «ተከትቧል?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። ጥያቄው በየቀኑ በየጠረጴዛው ከተደጋገመ መልስ የሚሰጥ ሰው መገኘቱ አይቀርም።